ምዕራፍ 6፦ ለፍቺው ወይስ ለክፍፍሉ?

መንዝ ክፍፍልን በስሙ የተሸከመ አገር ነው። ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር የሚባሉት ሦስቱ ክፍሎቹ ስማቸውን ያገኙት አገሩን ተካፍለው ከያዙት ከማማ፣ ከላሎና ከጌራ እንደሆነ ትልልቆቹ ለትንንሾቹ ሲነግሩ ኖረዋል። ዛሬም ሦስቱ የወረዳ ስም ሆነው ቀጥለዋል። በዚህ ደጋ ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይቆጠር ስለነበር ሴት ልጅም የአያቷን ስም ጠርታ ድርሻዋን ትጠይቅ ነበር። በላ ልበልሃ ተባብሎ መሟገት፣ ዋስ መጥራት፣ ነገርን በምሳሌ ማሰር ለዚህ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። ለብዙው ገበሬ አዲስ የሆነበት በሌላ ሰው አፍ መሟገትና ለዚያ አፍ በብር መክፈል ነው።

ስለዚህ በመሐል ሜዳም ሆነ በሞላሌ፣ በራቤልም ሆነ በዓለም ከተማ ትዳሩ የፈረሰበት ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ለፍቺ ጠበቃ ስንት ያስከፍላል?

«ስንት ያስከፍሉኛል ጌታዬ?»

«እንደ ጉዳዩ ነው እናቴ።»

ይህ መልስ ለብዙዎች መሸሻ ይመስላቸዋል። ግን እውነት ነው። በአገራችን ለፍቺ ጉዳይ በሕግ የተቆረጠ የጥብቅና ተመን የለም። አበሉ የሚወሰነው በጠበቃውና በደንበኛው ስምምነት ነው። ችግሩ ጠያቂዋ «ጉዳዩ» የትኛው እንደሆነ አለማወቋ ነው። እርሷ ፍቺ ትላለች፤ ጠበቃው በልቡ የሚያሰላው ግን ክፍፍሉን ነው። ሁለቱ አንድ መዝገብ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ እንጂ አንድ ጉዳይ አይደሉም፤ ዋጋቸውም አንድ አይደለም። የዚህ ምዕራፍ ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ያርፋል። ፍቺው ራሱ ርካሽ ነው። ጠበቃ ሳይቆም ሊያልቅም ይችላል። በግ የሚያሸጥ፣ ዓመት የሚፈጅ፣ ሰውን ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን የሚያመላልስ ክፍፍሉ ነው።

ፍቺው ለምን እንደረከሰ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ እንሂድ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሰጠው ለቤተ ዘመድ ዳኞች ነበር። ሕጉ የፍቺን ምክንያት «ከባድ» እና ከባድ ያልሆነ ብሎ ይለይ ነበር። ከባድ ምክንያት ሳትይዝ ትዳር ላፍርስ ያለች ሴት ከንብረቷ ልትቀጣ ትችል ነበር። በዚያ ዘመን ተከራካሪ ያስፈልግ ነበር፤ ጥፋተኛው ማነው የሚለው ራሱ ገንዘብ ነበርና። ባል የሚስቱን ነውር፣ ሚስት የባሏን ነውር ዘመድ ፊት ሲዘረዝሩ ይከርሙ ነበር። ከቤተ ዘመድ ዳኞቹም የሚበዙት በጋብቻው ጊዜ ምስክር የነበሩት ሰዎች ስለነበሩ፣ ነገሩ ከዳኝነት ይልቅ ወደ እርቅ፣ ከእርቅም ወደ ቀጠሮ ያዘነብል ነበር።

ሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ይህን ገለበጠው። ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ሆነ። ሽማግሌዎች እንዲያስታርቁ እንጂ እንዲያፋቱ ሥልጣን አልተተወላቸውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ምክንያት የመቁጠሩ ነገር ቀረ። ባልና ሚስት ተስማምተው፣ ወይም አንዳቸው ብቻቸውን አቤቱታ አቅርበው መፋታት ይችላሉ። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቶ በዚሁ መንገድ ሄዷል። እንግሊዝ አገር ባልና ሚስት ጥፋተኛ ሳይፈልጉ በአንድ ወገን አቤቱታ እንዲፋቱ የፈቀደው ሕግ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ነው። እኛ ከ20 ዓመት በላይ ቀድመን ነበርን። ይህን የማነሳው ሰው በእጁ ያለውን መብት እንዲያውቅ ነው፤ ዛሬም በየገበያው «ያለ ምክንያት አያፋቱሽም» እየተባሉ ገንዘብ የሚያወጡ ሴቶች አሉና።

ሕጉ ለፍቺው የጊዜ ክዳን ሠርቶለታል። አንደኛው ወገን አቤቱታ ሲያቀርብ ዳኛው ባልና ሚስቱን ራሳቸውን አስቀርቦ ያነጋግራል፤ በመረጧቸው ሽማግሌዎች በኩል እንዲታረቁም ሊልካቸው ይችላል። የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጣቸው ቢያስብ እንኳ በፌዴራሉ ሕግ ከ3 ወር አይበልጥም። የሽማግሌዎቹ ሪፖርት ከደረሰው ወይም ያ ጊዜ ካለቀ በኋላ ደግሞ በ1 ወር ውስጥ ፍቺውን መወሰን አለበት። እንግዲህ ይታይ፤ በዚህ መንገድ ውስጥ ጠበቃ የሚጨምረው ምንድን ነው? ዳኛው መስማት የሚፈልገው የባለ ትዳሮቹን ቃል ነው። «መኖር አልቻልኩም» የሚለውን ቃል ከባለቤቱ አፍ በላይ የሚናገረው የለም። ተስማምተው ለሚፋቱማ የሚያስፈልገው በጽሑፍ የሰፈረ፣ ልጆቹንና ንብረቱን በግልጽ የወሰነ ስምምነት ነው። ስምምነቱን የሚያረቅቅ ባለሙያ ለአንድ ቀን ሥራ ይከፈለው፤ ተገቢ ነው። ከዚያ በላይ ለፍቺው ብቻ ጠበቃ አቁሞ ማመላለስ ግን ገንዘብን ሳይዘሩ ማጨድ ከሚቻልበት ቦታ ወስዶ ከድንጋይ ላይ መዝራት ነው።

ለክፍፍሉ ግን ሕጉ ክዳን አልሠራለትም። ሦስት ወር የሚል የለም፤ አንድ ወር የሚል የለም። አበሉም ቀጠሮውም የሚያብጠው እዚህ ነው።

የመሠረቱ ደንብ ቀላል ነው። በጋብቻ ውስጥ የተፈራው ሁሉ የጋራ ነው። በአንዱ ስም ብቻ የተመዘገበ ቢሆንም የግል መሆኑን የሚያስረዳ ካልተገኘ የጋራ ሆኖ ይቆጠራል፤ ሲፋቱም እኩል ይካፈሉታል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻው ጊዜም ሆነ በፍቺው ጊዜ እኩል መብት አላቸው ይላል። ደንቡ ቀላል ከሆነ ክርክሩ ከየት ይመጣል? ከዝርዝሩ ነው። ዳኛ የሚያካፍለው የተዘረዘረለትን ነው፤ ያልተጻፈ በሬ አይከፈልም።

ዝርዝሩን መጀመሪያ የሚጽፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠበቃ ሳይሆን ፍርድ ቤት አጠገብ የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ነው። ከርሱ ፊት የተቀመጠችን አንዲት ሴት በዓይነ ልቡናችን እንይ። ከጓሳ ጥግ ካለ መንደር ሌሊት ተነሥታ በእግሯ የመጣች ናት፤ ነጠላዋ ላይ ባና ደርባለች። ጸሐፊው «ንብረት አላችሁ?» ይላታል። «አለን እንጂ» ትላለች። እርሱም «የጋራ ንብረታችንን ድርሻዬ ይሰጠኝ» ብሎ በአንድ መስመር ይደመድመዋል። ለዚህች መስመር የምትከፍለው ትንሽ ነው። ነገር ግን የሙግቱ ሁሉ ውድ ስሕተት ልትሆን የምትችለው ይህች መስመር ናት። መጻፍ የነበረበት እንዲህ ነበር፦ ባለ 60 ቆርቆሮ የእንጨት ቤት፣ የሚገኝበት ቀበሌና አዋሳኞቹ፤ በሬ ሁለት፣ ቀለማቸው፤ ላም አንድ ከነጥጃዋ፤ በግ ዘጠኝ፤ ከጎተራ ያለ ገብስና ባቄላ፤ ከቤቱ ጀርባ ያለ ባሕር ዛፍ፤ ቀፎ፤ በባል ስም ባንክ ያለ ቁጠባ። ዕዳም ይጻፋል። የማዳበሪያ ዕዳ ቢኖር፣ ቀድሞ አብቁተ ይባል ከነበረው ከፀደይ ባንክ የተወሰደ ብድር ቢኖር፣ ለቤቱ ጥቅም የዋለ ከሆነ የሁለቱም ነው። ይህን ዝርዝር ቤቷ ቁጭ ብላ፣ ማንበብ ከሚችል ልጇ ጋር ሆና፣ በደብተር ወረቀት አጽፋ የመጣች ሴት ከጠበቃው ሥራ ግማሹን በነጻ ሠርታለች።

ከዝርዝሩ ውስጥ ነፍስ ያለው መሬቱ ነው። በአማራ ክልል የገጠር መሬት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው እንዲሰፍር መደረጉ ለሴቶች የተደረገ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ከብዙ የሴት መብት ንግግሮች ይልቅ ያቺን ትንሽ ፎቶግራፍ አከብራታለሁ። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ካሜራ ፊት ቆማ የማታውቅ ሴት ፊቷን ኮስተር አድርጋ የተነሣቻት ናት። ደብተሩ ላይ ሁለቱም ካሉ የመሬቱ ክርክር ግማሽ መንገዱን ሄዷል። አንዱ ብቻ ካለ፣ ወይም ባል «ከመጋባታችን በፊት ለእኔ የተመደበ ነው» ካለ፣ ወይም ከወላጅ የተሰጠ ነው ከተባለ፣ እውነተኛ ጠበቃ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው። አዋጅ ቁጥር 252/2009፣ ከርሱ በፊት የነበረው ቁጥር 133/1998፣ የሰበር ችሎት ውሳኔዎች፣ የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት መዝገብ፤ እነዚህን አንድ ላይ አያይዞ መከራከር የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። መሬቱም በመንዝ እንደምናውቀው ጠባብ ነው። ጥማድ የሚባለው፣ በግምት የሄክታር ሩብ፣ ለሁለት ሲከፈል እርሻ መሆኑ ቀርቶ ጓሮ ይሆናል። ሕጉ ዝቅተኛ የይዞታ መጠን ስላስቀመጠ ከዚያ በታች መቆራረስም አይቻልም። ስለዚህ ማን መሬቱን ይያዝ፣ ማን ሌላውን ይካስ፣ ወይስ በጋራ ይጠቀሙበት የሚለው ክርክር ገና ይቀጥላል።

እዚህ ላይ የደጋ ሴት ከከተማ ሴት የምትለይበት መራራ ነገር አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፤ አይለወጥም። አዲስ አበባ ቤት ያላት ሴት «ቤቱ ሲሸጥ እከፍልሃለሁ» ብላ ጠበቃ ልታቆም ትችላለች። የጌራ ምድሯ ሴት ያላት ትልቁ ሀብት መሬት ነው፤ ብታሸንፈውም ወደ ብር አይለወጥም። አበሉን የምትከፍለው ከበጓ ነው። በጉ ደግሞ ገና አልተካፈለም። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ ተንቀሳቃሽ የጋራ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም ይላል። በ1992 ዓ.ም. 500 ብር ከባድ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ በ500 ብር የሚገኝ በግ የለም። ስለዚህ ጠበቃ ለማቆም በግ ነድታ ገበያ የወጣች ሴት በክፍፍሉ ጊዜ «የሸጥሽው ይታሰብብሽ» ትባላለች። ባልም ያው ነው፤ በሬውን አውጥቶ ቢሸጥ ሽያጩ እንዲፈርስ ለመጠየቅ ሕጉ ካወቀችበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ይሰጣታል። መፍትሔው ግን አስቀድሞ አለ። አቤቱታው በቀረበበት ቀን ፍርድ ቤቱ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አያያዝና ስለ ንብረት ጥበቃ ወዲያው ትእዛዝ እንዲሰጥ ሕጉ ያዛል። ከብቱ እንዳይሸጥ ዕግድ፣ ለልጆቹም ጊዜያዊ ቀለብ በመጀመሪያው ቀጠሮ ይጠየቅ። ይህን የማያነሣ ጠበቃ የያዘው ጉዳይ ገና አልገባውም።

አሁን ወደ አበሉ። በአገራችን የፍቺ ጠበቃ ብዙ ጊዜ በሁለት መንገድ ይዋዋላል፤ በቁርጥ ወይም በመቶኛ። በቁርጥ ማለት ከመጀመሪያው ቀጠሮ እስከ ፍርድ ይህን ያህል ብር ማለት ነው። ግልጽ ነው። አደገኛው በመቶኛ የሚባለው ነው፤ አደጋው ያለው በቁጥሩ ላይ ሳይሆን ከቁጥሩ ቀጥላ በምትመጣው ቃል ላይ ነው። ለስሌት ያህል ብቻ በራሴ ቁጥር ላሳይ። ቤቱ 220,000 ብር፣ ሁለቱ በሬ 100,000፣ ላሟ 35,000፣ ዘጠኙ በግ በ5,000 ሒሳብ 45,000 ብር ቢገመት ጠቅላላው 400,000 ብር ይሆናል። የሴቲቱ ድርሻ 200,000 ነው። ውሉ «ከንብረቱ ግምት 10 በመቶ» ካለ 40,000 ብር ትከፍላለች፤ ይህ ከድርሻዋ አምስተኛው ነው። «ከሚደርሳት ድርሻ 10 በመቶ» ካለ 20,000 ብር ነው። ሦስተኛም አለ። ባልየው በመልሱ ላይ ከቤቱ በስተቀር ሁሉም የጋራ መሆኑን ካመነ፣ ጠበቃው በትክክል የተከራከረው በቤቱ ላይ ብቻ ነው። ከቤቱ የሚደርሳት 110,000 ብር ነው፤ «በክርክር ከተገኘው ድርሻ 10 በመቶ» ቢባል 11,000 ብር ትከፍላለች። ያው አንድ ጠበቃ፣ ያው አንድ መዝገብ፣ ያው 10 በመቶ፤ ልዩነቱ 29,000 ብር። ከዘጠኙ በግ ስድስቱን ብትሸጥ ነው የሚሞላው።

ውል ሲፈረም ቃሉ ይነበብ፤ ማንበብ ለማትችል በምትተማመንበት ሰው ይነበብላት። «እስከ ፍርድ» የሚለው የትኛውን ፍርድ እንደሆነ ይጻፍ። በወረዳው ፍርድ ቤት የተረታ ወገን ደብረ ብርሃን ለዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል። ከዚያ ወዲያ ባሕር ዳር ያለው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አለ፤ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ተፈጽሟል የሚል ደግሞ አዲስ አበባ እስከ ፌዴራል ሰበር ችሎት ይደርሳል። እያንዳንዱ ደረጃ አዲስ አበል ሊሆን ይችላል። ከፍርዱም በኋላ አፈጻጸም የሚባል አለ፤ ቤት ማስገመት፣ ካልተስማሙ ሐራጅ ማስወጣት። ብዙ ሰው ፍርዱን ይዞ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ «ለአፈጻጸም ሌላ ክፈይ» ሲባል ይደነግጣል፤ ውሉ ስለ አፈጻጸም ዝም ብሎ ነበርና። ጠበቃው ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ከሆነም 15 በመቶው በአበሉ ውስጥ ነው ወይስ በላዩ የሚለው ይለይ። ቅድሚያ ለተከፈለው ደረሰኝ መቀበል ነውር አይደለም፤ የሁለቱም መከበሪያ ነው።

የመንገዱ ነገር ደግሞ በዚህ አገር ከአበሉ አያንስም። ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን በጣርማ በር በኩል ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የመርሐቤቴ ሰው የጀማን ገደል ወርዶ ወጥቶ ነው ወደ ሌላው ዓለም የሚደርሰው። ጠበቃው ከደብረ ብርሃን ከመጣ የመኪናው፣ የአልጋውና የምግቡ ወጪ በደንበኛው ላይ ነው። ምስክር ይዞ መሄድም እንዲሁ፤ ሦስት ምስክር ማለት ሦስት የመኪና ዋጋና ሦስት ምሳ ማለት ነው። ዳኛው በስብሰባ ምክንያት ባይሰየም፣ መጥሪያ ባይደርስ፣ መዝገቡ ለሌላ ቀን ይቀጠራል፤ የወጣው ግን አይመለስም። በኅዳር የገብስ አጨዳ ላይ የሚውል ቀጠሮ ውርጭ ያላገኘውን አዝመራ ሊያስበላ ይችላል። ይህን የትኛውም የጥብቅና ውል አያሰላውም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭትም መንገድን አዘግቷል፤ ቀጠሮንም አጨናግፏል፤ ይህን ወጪ በብር የሚተምን የለም።

«ብረታ ያስከፈለኝ ሁሉ ከባላጋራዬ ይመለስልኛል» ብሎ ማሰብም ልማድ ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ለረቺ ወጪና ኪሳራ ሊወሰንለት እንደሚችል ይደነግጋል። በባልና ሚስት ክርክር ግን ውሳኔው መጨረሻ ላይ ደጋግመን የምናነበው «ግራ ቀኙ ወጪና ኪሳራቸውን ይቻቻሉ» የሚለውን ነው። ስለዚህ የወጣውን እንደወጣ መቁጠር ይሻላል።

ገንዘብ የሌላት ምን ታድርግ? መጀመሪያ የዳኝነት ክፍያው። በንብረት ክርክር የዳኝነት ክፍያ ከተጠየቀው ግምት ጋር ይጨምራል። መክፈል ለማይችል ግን ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 467 እስከ 479 ድረስ በደኻ ደንብ መክሰስን ይፈቅዳል። አቅም እንደሌለው አስረድቶ፣ ፍርድ ቤቱ አጣርቶ ሲፈቅድ ክፍያው ይቀርለታል። ስለ ጠበቃም እንዲሁ መንገድ አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ጠበቃው በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አዟል። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ከመሥራቾቹ አንዷ ኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው። ማኅበሩ ለሴቶች በነጻ ሲከራከር የኖረ ነው፤ የቤተሰብ ሕጉ እንዲሻሻል ከታገሉትም ግንባር ቀደሙ ነው። በአካባቢው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ክፍል ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤትና የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም ሳይጠየቁ መታለፍ የለባቸውም። ጠበቃ ማቆም ያልቻለ ሰው ደግሞ ወንድሙን፣ ልጁን፣ አባቱን ወይም እናቱን በውክልና ማቆም ይችላል። አፍ ያለው ወንድም ለመንዝ ሰው መቼም ብርቅ አይደለም።

ዐረብ አገር ላሉት አንድ ቃል ልጨምር። ከዚህ ደጋ ወደ ጅዳ፣ ወደ ቤሩት፣ ወደ ዱባይ የሄዱ ብዙ እኅቶች አሉን። የላኩት ገንዘብ ቤት ሆኗል፤ ቤቱ ግን በባል ስም ቆሟል። ትዳሩ ሲፈርስ የሚከራከርላቸውን ሰው የሚወክሉት ባሉበት አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በተረጋገጠና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ባለፈ ውክልና ነው። ለእነዚህ ሴቶች ከጠበቃው አበል በላይ ዋጋ ያለው የላኩበት የሐዋላ ወረቀት ነው። ወረቀቱን ያልጣለች ሴት ለጠበቃዋ ማስረጃ ይዛለት ትመጣለች፤ የጣለችው ግን ጠበቃውን ምስክር ፍለጋ ትልከዋለች፤ ፍለጋውም በእርሷ ገንዘብ ነው።

ሽማግሌን አስቀድሞ መጥራት ከሁሉ ይረክሳል። የንስሐ አባት፣ ጎረቤት፣ የሁለቱ ወገን ዘመድ ተቀምጠው ንብረቱን ቢያስማሙ፣ ስምምነቱም በጽሑፍ ፍርድ ቤት ቀርቦ ቢጸድቅ፣ ሁለቱም ዓመት ይቆጥባሉ። ነገር ግን በሽማግሌ ወረቀት ብቻ «ተፋትተናል» ብሎ መለያየት ኋላ ይጠይቃል። ትዳርን የሚያፈርሰው ፍርድ ቤት ብቻ ነውና። የፌዴራል ሰበር ችሎት በመዝገብ ቁጥር 20938 ባልና ሚስት ለረጅም ዘመን ተለያይተው ሌላ ኑሮ ከመሠረቱ ጋብቻው በተግባር ፈርሷል ሊባል እንደሚችል ወስኗል። ያ ክርክር ግን ሰበር እስኪደርስ ስንት ደረጃ እንደወጣ ማሰብ ነው። በጊዜው በአንድ አቤቱታ ያልተጨረሰ ፍቺ ወራሾችን የሚያሟግት ይሆናል።

ከጠበቃ በፊት የሚመጣ ሌላም ሰው አለ። ፍርድ ቤት በር ላይ ቆሞ «ዳኛውን አውቀዋለሁ፤ ይህን ያህል ስጪኝ» የሚል ነው። እርሱ ጠበቃም ነገረ ፈጅም አይደለም። የሚጠይቀው ገንዘብ ወንጀል ነው፤ የሚሰጠውንም ያስጠይቃል። የጥብቅና ፈቃዱን አሳየኝ ሲባል የሚቆጣ ሰው ጋር ውል አይፈረምም። እውነተኛ ጠበቃ «አሸንፍልሻለሁ» አይልም፤ «ምን ማስረጃ አለሽ?» ነው የሚለው።

ይህን ምዕራፍ ያነበበ ሁሉ፣ ትዳሩ ሰላም ቢሆንም፣ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ያድርግልኝ። የመሬት ደብተሩን ከሣጥን አውጥቶ ይክፈተው፤ የሁለቱም ስምና ፎቶግራፍ እንዳለበት ይይ። ከሌለበት ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሄዶ እንዲታረም ያመልክት። ፍቅር ባለበት ቀን ባልና ሚስት አብረው ሄደው የሚያስተካክሉት ነው፤ መጥሪያ ከደረሰ በኋላ ግን ደብተሩ ከሣጥኑ ላይገኝ ይችላል።